የእህቴ እጅ ጀርባ

በዚያ ዓመት እህቴን የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ጥላቻ ሳይሆን ቅናት መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው፤ ያኔ የማውቀው አንድ ስም የሌለው ነገር እንደማይለቀኝ ብቻ ነበር። ቁርስ ስበላ አለ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ይከተለኛል፤ ስተኛ አብሮኝ ይተኛል። ምክንያቱ ለእኔ እንደ ቀትር ፀሐይ ግልጽ ነበር። አባቴን ወስዳብኛለች።

አባቴ ጀልባ ነጂ ነው። ከሐይቁ ወዲህ ዳር ወደ ወዲያ ማዶ ሰው ያሻግራል፣ የከሰል ጆንያ ያሻግራል፣ የቲማቲም ሣጥን ያሻግራል፤ አንዳንዴም እግሯን የታሰረች ፍየል መንገዱን ሙሉ እየጮኸች ትሻገራለች። እስከዚያ ዓመት ድረስ የአባቴ ሰው እኔ ነበርኩ። "ጭራ" የሚለውን ስም ያወጣልኝም እሱ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ከኋላው አልጠፋም ስል። ትምህርት በሌለ ቀን መሪው ፊት ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና "በይ ካፒቴን፣ ወዴት እንሂድ?" ይለኛል። ጣቴን ወደቀሰርኩበት የምንሄድ ይመስለኝ ነበር። ጀልባዋ ሁልጊዜ የምትሄደው እዚያው ማዶ መሆኑ አንድም ቀን አልከነከነኝም።

እህቴ ጀልባዋ አጠገብ ዝር አትልም። የናፍጣ ሽታ ያጥወለውላታል። በዕድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ለነርስነት ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነበር። የእናቴን ነጭ ሽርጥ ታጥቃ መስታወት ፊት ትቆምና "እስቲ ክንድዎን ያምጡ፣ አይዞዎት፣ አያምም" እያለች ለማይታይ ሰው መርፌ ትወጋለች። እኔ በበሩ ቀዳዳ እያየሁ በሳቅ እፈርሳለሁ።

ይህ ሁሉ የተገለባበጠው ሽቦው መሞቅ ሲጀምር ነው።

አባቴ ጀልባዋ ላይ ሁለተኛ ባትሪ አስጨምሮ ነበር፤ ከሥር የሚገባውን ውሃ የሚመጥ ፓምፕና ደህና መብራት ብሎ። ሞተሩ ሲዞር ዲናሞው ባትሪዎቹን ይሞላል። ከዲናሞው የተነሣ ቀይ ሽቦ ከግድግዳው ሣንቃ ኋላ ይገባና ፊት ለፊት የባትሪዎቹ ሣጥን ጋ ብቅ ይላል። የሚሞቀው እሱ ነው።

መጀመሪያ የተጠራው ቮልት ነበር። ቮልት ባትሪ ሻጭም ባትሪ ጠጋኝም ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። የመለኪያ ቴስተሩን እንደ ሐኪም አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ባትሪዎቹን ለካ፤ ጫፎቻቸው ላይ የያዘውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጥቦ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ብሎኖቹን አጠበቀ።

"ጨርሼልሃለሁ ካፒቴን" አለ እጁን እየጠረገ። "የላላ ብሎን ነው ሲያሞቀው የከረመው። ከእንግዲህ በረዶ ነው።"

በረዶ አልሆነም። ቮልት ተመልሶ መጣ፤ "አሮጌው ባትሪ ዲናሞውን እየመጠጠው ይሆናል" አለና ባትሪውን በአዲስ ለወጠው። ሽቦው አሁንም መሞቁን አልተወም።

"መሃል ውሃ ላይ ቢነድስ?" አለች እናቴ።

"ችግሩ እስኪገኝ ድረስ ፓምፑንም መብራቱንም አጥፍቼ ቀስ ብዬ እነዳለሁ" አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። "አንቺ ከሰዓት አብረሽኝ ትወርጃለሽ።"

እህቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እኔ?"

"አንቺ።"

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺ የቤት ሥራ አለብሽ።"

የቤት ሥራ አልነበረብኝም። አባቴም ያውቃል።

ተከተልኳቸው፤ ስሜ ጭራ አይደል። ዳርቻው ላይ ሊቀባ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ነበር፤ ከኋላው ተደብቄ አየሁ። ሞተሩ ይንደቀደቃል። መብራቱ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ በርቷል፤ ሽቦው የሚሞቀው ሥራ ሲበዛበት ነውና። አባቴ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። እህቴ በአንድ እጇ አፍንጫዋን በሻርፕ ይዛ አጠገቡ ተንበርክካለች። ሌላኛውን እጇን አባቴ ያዘ። ገለበጠውና ጀርባውን ሽቦው ላይ አስነካው።

"እዚህ ጋ?"

"ሞቅ ብሏል።"

"እንደ ምን?"

እህቴ አሰበች። "እንደ... ትንሽ እንዳተኮሰው ሕፃን ግንባር።"

እጇን ሳይለቅ ትንሽ ገፋ አደረገው። "እዚህስ?"

"ይብሳል።"

"ምን ያህል ይብሳል? ተረጋግተሽ ንገሪኝ።"

"ሻይ አሁን የተጠጣበት ብርጭቆ።"

"ጎበዝ" አለ አባቴ። "እጅሽ ሐኪም ነው።"

ጎበዝ! እኔን ጎበዝ ያለኝ ዋና የቻልኩ ቀን ብቻ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ምን እንደሚመስል ጠይቆኝ አያውቅም፤ ብጠየቅ ከሕፃን ግንባር የተሻለ ስንት ነገር እላለሁ! በነጋታውም ወረዱ፤ ከዚያም ወዲያ። እኔ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ በእጄ ጀርባ እነካ ጀመር፤ ድስቱን፣ ግድግዳውን፣ ፀሐይ ላይ የተኛችውን ድመት። አባቴ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

"አባዬ፣ የድመቷ ሆድ ምን ያህል እንደሚሞቅ ልንገርህ?"

"ንገሪኝ እስቲ" ይልና ያነሣኛል። ልነግረው ስጀምር ግን ዓይኑ ይከደናል።

አባቴ ጀግና ለመሆኑ ጥርጥር አልነበረኝም። ገና የፈላ ሻይ የተቀዳበትን ብርጭቆ ሌላው ሰው በጨርቅ ይይዛል፤ እሱ በባዶ እጁ ያነሣና ሳይቸኩል ይጠጣል። ክፍል ውስጥ "የአባቴን እጅ እሳት አይነካውም" ብዬ ተናግሬ፣ አላምንም ካለችኝ ልጅ ጋር ፀጉር ለፀጉር ተያይዘናል። አሁን ወደ ኋላ ሳስብ በማግስቱ መዳፉ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር እንደነበር ትዝ ይለኛል። "መሪው ነው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ እናቴና አባቴ ጓዳ ገብተው በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ስኳሩ ከፍ ብሏል አላሉህም?" ትላለች እናቴ። "እጅህም እግርህም እንዲህ ከሆነ እስከ መቼ ትደብቃለህ?"

"ሰው ስኳር እንዳለብኝ ካወቀ ማን ይሳፈርልኛል? ትልቋ ታውቃለች፤ ይበቃል።"

"ትንሿስ?"

"ትንሿ ምንም አትስማ።"

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ አባቴ ጋ ስኳር አለ፤ የተደበቀ ነው፤ ትልቋ ታውቃለች፤ ለእኔ አይነገርም። ማረጋገጫ ፈልጌም አላጣሁ። በማግስቱ ጠዋት የስኳሩ ቆርቆሮ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ የቁም ሣጥን ጫፍ ላይ ወጥቷል። "ስኳሩ ከፍ ብሏል" ያለችው እናቴ ነች፤ ይኸው ከፍ ብሏል! እህቴ ሸሚዟን አውልቃ ስትታጠብ ደግሞ ኪሷን ፈተሽኩ። ሙሉ ከረሜላ።

ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ዛሬም አልረሳሁትም። ሁለቱ ጀልባ ውስጥ ቁጭ ብለው ስኳር ይልሳሉ፤ ሽቦ ሞቀ በረደ የሚሉት ለማታለያ ነው።

ዛሬ፣ ነገሩን ማንም ሊገምተው በሚችልበት ዕድሜ ላይ ሆኜ፣ ልጽፈው እንኳ ይከብደኛል። የስኳር በሽታው የአባቴን የእጅና የእግር ነርቭ ሲበላው ቆይቷል። የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ነገር መለየት አቁሞ ነበር። ሽቦ ደግሞ ጫፉ ላይ ከሞቀ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ መሃሉ ላይ ከሞቀ ሌላ፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሞቀም ሌላ ነው። ያንን የሚለይ እጅ ያስፈልጋል። ከረሜላው ደግሞ ስኳሩ ድንገት ሲወርድና ላብ ሲያሰምጠው እህቴ አፉ ውስጥ የምትጨምርለት ነው። እሷ አንዲትም አልበላችም።

አርብ ለት እራት ላይ እህቴ አባቴን አየት አደረገችና "ሁለቱም ጫፍ ደህና ነው፤ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ነው የሚብሰው" አለች።

"እንግዲያው ነገሩ ያለው ከሣንቃው ኋላ ነው" አለ አባቴ። "ነገ ሰዎቹን አሻግረን እንደተመለስን እንነቅለውና እናያለን።"

ከሣንቃው ኋላ! ልቤ ዘለለ። የስኳሩን መደበቂያ በራሳቸው አፍ ነገሩኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሰው ገና ሳይሳፈር ገብቼ፣ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ሥር የመንሳፈፊያ ጃኬቶች የሚቀመጡበት ሣጥን ውስጥ ተሸጎጥኩ። የሣጥኑ ጀርባ ያው የግድግዳው ሣንቃ ነው። ሣንቃው አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥቆ ፈልቀቅ ስላለ እጅ ያስገባል። ክዳኑን ከላዬ ላይ ከደንኩ። ሰው ተሳፈረ፤ አግዳሚው ላይ ከባድ ሰው ተቀመጠና ጨለመብኝ። ሞተሩ ተነሣ።

ያን ቀን ውሃው ክፉ ነበር። ጀልባዋ ጎንና ጎኗን እየተመታች ውሃ ትረጫለች፤ ሰው "ወይኔ" ይላል፤ የቲማቲም ነጋዴዋ ሣጥኖቿን ታቅፋ አምላኳን ትጣራለች። ከሥሬ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ "ምርጫ የለንም፤ ፓምፑን አስነሺው!" ሲል ሰማሁ፤ እህቴን ነው።

ፓምፑ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ በስንጥቁ እጄን ሰድጄ ስኳሬን እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ማበጠሪያ ዓይነት። ቀጥሎ አንድ ነገር የእጄን ጀርባ ላሰኝ። እንደ ምን እንደሆነ ለመናገር ጊዜ አላገኘሁም። ጮህኩ። እጄን ሳወጣ ከኋላው ጢስ ተከትሎ ወጣ፤ በቀዳዳው ውስጥ ቀይ ፕላስቲክ እንደ ሻማ ሲንጠባጠብ አየሁ።

ክዳኑን በእግሬ ደበደብኩት። ከላይ የተቀመጠው ሰውዬ "እናንተ ሰዎች፣ ወንበሩ ይናገራል!" ብሎ ብድግ አለ። ክዳኑ ተነሣ፤ ጢሱም እኔም አንድ ላይ ወጣን።

"ጭራ!" ብላ እህቴ ጮኸች።

"ሞተሩን አጥፊ!" አለ አባቴ። እህቴ ወደ ኋላ ሮጠች። ዲናሞው ሲቆም ግን ባትሪዎቹ ሽቦውን ገና ከወዲህ ይመግቡታል፤ ሣንቃው መጥቆር ጀምሯል፤ ነበልባልም ብቅ አለ። አባቴ መሪውን ትቶ መጣ። መፍቻ አልፈለገም፤ ጨርቅ አልፈለገም። የተሰነጠቀውን ሣንቃ ገንጥሎ ጣለና የሚነደውን ሽቦ በባዶ እጁ ጨብጦ መዘዘው። ተበጠሰ። ሰዎች ውሃ በባልዲ ደፉበት፤ ጢሱ ነጭ ሆነና ሞተ።

አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "ተጎዳሽ? የት ላይ ነው? አሳዪኝ።" ይህን ሲል ሽቦውን ጨብጦ ይዟል። የቀለጠው ፕላስቲክ በጣቶቹ መካከል ይጨሳል።

"ኧረ ልቀቀው!" አለች የቲማቲም ነጋዴዋ። "እጅህ እኮ እየተቃጠለ ነው!"

አባቴ እጁን አየው። የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ነው ያየው። እህቴ መጥታ ፊቱ ተንበረከከችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። ከፕላስቲኩ ጋር ምን አብሮ እንደተላጠ አልጽፍም። አባቴ አላቃሰተም፤ ቅንድቡም አልተንቀሳቀሰም።

እኔ በኩራት ልፈነዳ ደረስኩ። "አይነካውም!" አልኩ ለሰዉ ሁሉ። "የአባቴን እጅ እሳት አይነካውም! የፈላ ሻይም ዝም ብሎ ነው የሚይዘው!"

ጀልባዋ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ እጁ ላይ አፈጠጠ። አድናቆት መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ "ወይ ጉድ፣ አይሰማውም ማለት ነው?" አሉ በቀስታ፤ እሱንም አድናቆት አልኩት።

የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ባትሪ አይጠይቅም፤ ባትሪ ከሌለ ግን በእጅ ዘንግ ነው የሚነሣው። አባቴ በዚያ እጅ ዘንግ ሊያዞር አይችልም። እህቴ አዞረች። አንዴ አስመለሳት፤ አፏን በክንዷ ጠርጋ እንደገና አዞረች። ሞተሩ ሲነሣ አባቴ በደህናው እጁ ትከሻዋን ይዞ መሪው ፊት አቆማት።

"ወደ ግራ ያዢው። ማዕበሉን በጎን እንዳትሰጪው። እንዲያ ነው፤ በርቺ ካፒቴን።"

ካፒቴን አላት። እሳቱ፣ ጢሱ፣ የራሴ የተቃጠለ እጅ፣ ይህን ያህል አላመመኝም። የጃኬቶቹ ክምር ላይ ተቀምጬ ጀርባዋን እያየሁ፣ ጀልባዋ በሙሉ ከነተሳፋሪዋ ብትሰምጥ ብዬ ተመኘሁ፤ ከአባቴና ከእኔ በስተቀር።

ከሰዓት በኋላ ቮልት መጥቶ የቀረውን ሣንቃ ነቀለ። ከእኛ በፊት ጀልባዋን የያዘ ሰው ወፍራሙን ሽቦ መሃል ላይ ቆርጦ ኖሯል፤ ርዝመቱ አልበቃ ሲለው በተራ የመብራት ሽቦ ቀጥሎ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። ቀጭኑ ሽቦ አንድ ባትሪ እያለ ችሎት ነበር፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አቃተው። ቮልት ከሰል የሆነውን ቁራጭ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ትልቋ ልጅህ በእጇ ያገኘችውን እኔ በዚህ ሁሉ ዕቃ አጣሁት" አለና ሳቀ። ቀጥሎ የአባቴን የተጠቀለለ እጅ አየና ሳቁን ተወው። "ለምን አልነገርከኝም ካፒቴን?"

አባቴ የተጠቀለለ እጁን ከጀርባው ሸሸገ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ መሪ አልያዘም። ሰው ወሬውን አዳርሶት ነበር፤ የወደቡ ኃላፊም ቤት ድረስ መጥቶ በትሕትና አነጋገረው። እጁ ድኖ ፋሻው የተፈታ ዕለት አባቴ የጀልባዋን ቁልፍ በክር አስሮ እህቴ አንገት ላይ አጠለቀላት። ግንባሯንም ሳማት። እናቴ ፊቷን አዞረች። እህቴ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ በደስታ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ።

በዚያው ወር ለነርስነት ማለፏ ተነግሯት እንደነበር የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ፣ ከእናቴ ነው። "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ጀልባዋ ትሻለኛለች" አለቻቸው እናቴንና አባቴን። ወደ ከተማ ሄጄ የተማርኩት እኔ ነኝ። የተማርኩት ደግሞ ያቺ ጀልባ ባመጣችው ገንዘብ ነው።

አባቴ ካረፈ በኋላ አንድ ክረምት ቤት መጥቼ ከእህቴ ጋር ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ተሳፋሪ እስኪሞላ ሞተሩን ከፍታ ብሎን ታጠብቃለች። ፀጉሯ ሸብቷል። የናፍጣ ሽታውን መቼ እንደለመደችው ልጠይቃት አስቤ ተውኩት። በምትኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ "እትዬ፣ ያኔ በጣም እቀናብሽ ነበር" አልኳት።

"አንቺ?" መፍቻው ቆመ። "በምን?"

"በአባዬ። እጅሽን ይዞ ሽቦ ሲያስነካሽ።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"የምቀናው እኔ ነበርኩ" አለች። "ከእኔ ጋ ሲሆን ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ነው። እግሬን እዪልኝ፣ ቆስሎ ይሆናል። ላቤን ጥረጊልኝ። አየሽ፣ ማታ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል ይለኛል። ፍርሃቱን ሁሉ እኔ ላይ ያራግፈዋል። ከዚያ ቤት ስንደርስ አንቺ በሩ ላይ ቆመሻል። ሲያይሽ ቀጥ ይላል። በእነዚያ እግሮቹ ቆሞ ያነሣሻል፣ ይስቅልሻል። 'ትንሿ ምንም አትስማ' ባለ ቁጥር እኔስ ልለው እፈልግ ነበር። እኔስ ልጅህ አይደለሁም? እኔስ አልፈራም?"

"አልሽው?"

"አላልኩትም።" መፍቻውን አነሣች። "ምን ዋጋ አለው። ላንቺ አባት ነበር። ለእኔ ሥራ ሆነብኝ።"

እጄን ሰድጄ እጇን ልይዝ አሰብኩ፤ ግን ቅባት ነክቶት ነበር፣ ሥራም ይዞ ነበር። ተሳፋሪዎች መጡ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ገቡና እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት ካፒቴን?" አሏት።

"ታናሼ ናት" አለች እህቴ፣ የሞተሩን ክዳን እየከደነች። "እንግዳ ናት፤ እዚያ ጥግ ቦታ ይስጧት።"

እንግዳ። እንዴት ቀላል አድርጋ አለችው! ቁልፉን ከአንገቷ አወጣችና ሞተሩን አስነሣች፤ ሰዎቹም "በርቺ ካፒቴን" አሏት፤ ገመድ ፈቱላት፤ ስለ ልጆቻቸው ነገሯት፤ አንዷ ክንዷን ዘርግታ ቁስሏን አሳየቻት፤ እሷም መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላኛው የሴትየዋን ክንድ ወደ ብርሃን አዙራ አየችላት። እኔን የሚያውቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

"ጠጋ በይ ልጄ፤ ነፋስ አለው" አሉኝ ሽማግሌው።

ጠጋ አልኩ፤ እንደማንኛውም ተሳፋሪ እጄን ጭኔ ላይ ሰብስቤ ተቀመጥኩ።